የብርቄ ባንኮኒ

ባለፈው ዓመት ሰቆጣ፣ መነሐሪያው አጠገብ አዲስ በተከፈተ ሆቴል ምሳ ልበላ ገባሁ። አንድ ጎረምሳ አናጢ የመጠጥ ባንኮኒውን ቫርኒሽ እየቀባ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ምግቡን ሳልጠብቅ ከወንበሬ ተነሣሁ። አብሮኝ የነበረው የመሥሪያ ቤቴ ሰው "ምነው፣ ፊትሽ ልውጥ አለ?" ቢለኝ "ጠኔ ነው" ብዬው ወጣሁ። ጠኔ የያዘው ሰው ከምግብ ቤት ተነሥቶ አይወጣም። እሱም ይህ አልጠፋውም፤ ደግ ሰው ስለሆነ ግን አልጠየቀኝም። ለእሱ ያልነገርሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ቤታችን ከመነሐሪያው ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው፤ ፊት ለፊት አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከጓሮ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። አባዬ አናጢ ነው። ሞላ ይባላል፤ የወልዲያ ሰው ነው፤ ለሥራ መጥቶ እናቴን አግብቶ በዚያው ቀረ። እማዬ የፃግብጂ ልጅ ናት። ልጆቻቸው ሁለት ነን፤ እኔ ስንዱና ታላቄ ብርቄ። ብርቄ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ከመስቀል በኋላ፣ ከዚያው የተመለሰች አንዲት ልጅ ከብርቄ አንድ ካሴትና አንድ ፎቶ አመጣችልን። ብርቄ መጻፍ አይሆንላትም፤ ድምፅዋን ቀድታ ነው የምትልከው። እማዬ ከጎረቤት ቴፕ ተውሳ መጣችና ሦስታችንም ጉልበታችንን አቅፈን ዙሪያውን ተቀመጥን።

"አባዬ እንደምን ሰነበትህ፣ እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ አንቺስ አፈ ጮሌዋ?" አለች። አፈ ጮሌዋ እኔ ነኝ። "አባዬ፣ ፎቶውን እይልኝ። ከፊቴ ያለው የእመቤቴ ሳሎን ውስጥ ያለ የመጠጥ ባንኮኒ ነው። በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ። እንደሱ ያለ፣ ግን የኔ የሆነ፣ የፊተኛው ክፍል ላይ ሥራልኝ። የመኪና ሰው ሁሉ በእኛ በር አይደል የሚያልፈው? ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል። ባንኮኒው ካለ ለጥምቀት እመጣለሁ፤ መጥቼም አልመለስ። ከሌለ ግን ምን ልሠራ እመጣለሁ? ሌላ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ። አባዬ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ…" እዚህ ላይ ከሩቅ የሴት ድምፅ ጠራት። ብርቄ በማላውቀው ቋንቋ መለሰች። ከዚያ ካሴቱ ጭጭ አለ።

እማዬ አለቀሰች። አባዬ ካሴቱን አውጥቶ አገላብጦ አየው፤ የቀረው ነገር በጀርባው ያለ መስሎት ነው። የለም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሁሉ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ከካሴቱም አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። ባንኮኒው ካለቀ ብርቄ ትመጣለች፤ ካላለቀ አትመጣም። ይህን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ያዝሁት።

ፎቶው ላይ ብርቄ ነጭ ኮሌታ ያለው ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ከጀርባዋ መስታወትና ጠርሙስ አለ። እማዬ ልጇን ታያለች፤ አባዬ እንጨቱን ያያል። መነጽሩን አውልቆ በአንዱ መስታወት ብቻ ፎቶው ላይ አቀርቅሮ፣ "ምስማር የለውም እኮ! መገጣጠሚያው የት አለ? አቤት! ይኼን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!" ይላል። "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ከስታ የለም ወይ?" ትለዋለች እማዬ። "ጠርዙንም አይተሽዋል? እንዴት አድርጎ አጠፈው?" ይላል እሱ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲደራረቁ ከረሙ።

አባዬ አንድ ልማድ ነበረው። ሜትር አለው፤ ግን ለበርና ለመስኮት ነው። ለሰው የሚሠራውን ዕቃ የሚለካው በሰውዬው ነው። አልጋ ሲታዘዝ ባለቤቱን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ በራስጌና በግርጌው መስመር ያሰምራል። ወንበር ሲታዘዝ ከጉልበት እስከ ተረከዝ በስንዝር ይለካል። "ሞላ ጋ አልጋ ልታዝዝ ነው? ነጠላህን አውልቅ፣ አፈር ልትልስ ነው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ደግሞ ባለቤቱን ሳይለካ ዕቃ ከሠራ እንቅልፍ አይወስደውም። አሁን ባለቤቷ ቤሩት ናት፤ ምን ይሁን?

አንድ ቅዳሜ ጠራኝና "ነይ፣ ብርቄን ሁኚ" አለኝ። ብርቄ ስትሄድ ቁመቷ አገጩ ድረስ ነበር። የቢራ ሳጥን ላይ አቆመኝ፤ አልደረስሁም። ሁለት ጡብ ጨመረበት። ፀጉሬ አገጩን ሲነካው "እንዲያ! ብርቄ፣ እንዳትነቃነቂ" አለ። ክርኔን አሳጥፎ ከመሬት እስከ ክርኔ በገመድ ለካ። እጄን አስዘርግቶ መደርደሪያው የት እንደሚሆን ምልክት አደረገ። "አሁን እንደምትቀጂ ሁኚ" ቢለኝ፣ ወገቤን ይዤ "ምን ልቅዳልህ ጌታው?" አልሁት። እንዲያ ሲሥቅ አይቼው አላውቅም። ገመዱን ቋጠሮ ቋጠሮ አድርጎ በምስማር ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ላይ ሲጠራኝ ብርቄ ነበር የሚለኝ፤ እኔም ስሜ እስኪጠፋኝ ድረስ አቤት እላለሁ።

ዋንዛው ከጋዝጊብላ በአህያ መጣ፤ የሳንቃው ጫፍ መሬት እየጫረ ነው የደረሰ። ባንኮኒው ካለቀ በኋላ በበራችን ስለማያልፍ እዚያው የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተተክሎ ተሠራ። ቤታችን ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆነ፤ ወጡም ውኃውም ዋንዛ ዋንዛ ይል ነበር።

ያልወደዱልን የነፍስ አባታችን አባ ኪዳኔ ብቻ ናቸው። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

"አንተ ሞላ፣ ልጅህን ከባዕድ ቤት አውጥተህ መጠጥ ቤት ልታስገባት ነው?"

"አባ፣ የሰው ግሮሰሪ አይደለም፣ ቤቷ ነው። እናት አባቷ ፊት ነው የምትሠራው" አለ አባዬ።

"መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ነው። ለዚህ ቤት ጠበል አልረጭም፣ እወቀው" ብለው ሄዱ።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ቅር ብሏት ዋለች። እኔ ደግሞ አዲስ ጭንቀት ያዘኝ፤ ቤት ተሠርቶ ሳይመረቅ አይገባበትም። ጠበል ካልተረጨ ብርቄ ብትመጣም ሥራ ላትጀምር ነው ማለት ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ተለዋወጠ። አባ ኪዳኔ ሳይጠሩ መጡ፤ ገቡም። ሳንቃውን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ደግ እንጨት ነው፣ ሞላ። እጅህን ይባርከው። ብቻ አትቸኩል፤ ተረጋግተህ ሥራው" አሉት። እማዬ ከጓሮ ሆና በእልልታ ፈንታ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በሆዴ "አሸነፍናቸው!" አልሁ።

የተለወጡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከቦኖ ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ወረፋ ይለቁልኝ ጀመር። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ፣ ላጲሷን አንድ ቀን አውሳኝ የማታውቀው ቋጣሪ፣ አዲስ እርሳስ ሰጠችኝ። አንዲት የሰፈር ሴትዮ መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝና ዳቦ በእጄ አስጨብጣኝ እየፈጠነች ሄደች። ምን ልል እችላለሁ? ለወግ የበቃን መሰለኝ። ባንኮኒው ሲከፈት ወረፋ እንዳይጠብቁ ከአሁኑ እየወደዱን ነው ብዬ ኮራሁባቸው። ለዚያች ለምስኪኗ ልጅ እንኳ "ላጲስሽንም ካልጨመርሽ ለስላሳ አላስቀዳልሽም" አልኋት። ሰጠችኝ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ።

የጎረቤታችን ልጆች፣ ጎበዜና ደሳለ የሚባሉ ወንድማማቾች ደግሞ "አያ ሞላ፣ እናግዝዎ" ብለው መጡ። ማንም አልጠራቸው። ትልቁን ሳንቃ አነሡ፣ መላጊያ ያዙ፣ ሳይታክታቸው ይውላሉ።

የኅዳር ጽዮን ማግስት ውኃ ይዤላቸው ገባሁ። ሁለቱ በአንድ ጫፍ፣ አባዬ በሌላው ጫፍ እየላጉ ነው። ወንድማማቾቹ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ በዝግታ ያወራሉ። አባዬ ኽምጣና እንደማይሰማ አገር ያውቃል፤ በኽምጣና "እንደምን አደርህ" ሲሉት በአማርኛ ነው የሚመልስ። እማዬ እንኳ ሲያናድዳት ፊቱ ቆማ በቋንቋዋ ትሰድበዋለች፤ እሱ "ምን አለች?" እያለ ይሥቃል። እኔም ከሰላምታና ከገበያ ቃል በቀር እምብዛም አልሰማም ነበር። ከወሬያቸው የያዝሁት የብርቄን ስም ብቻ ነው። ደሳለ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሚጠራት። ሊያገባት ነው! አልሁና ደስ አለኝ፤ መልኩም ክፉ አይደለም።

የአባዬ መላጊያ መሐል ላይ ቆመ። የተላገው ልጥ ከመላጊያው አፍ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ስንዱ፣ ውኃ አምጪ" አለኝ። ስንዱ ሲለኝ ገረመኝ።

"ይኸው ይዣለሁ፣ አባዬ።"

"ሌላ ውኃ።"

ሌላ ውኃ ይዤ ስመለስ እየላገ ነበር። ጽዋውን ተቀብሎ ሳይጠጣ መሬት አስቀመጠው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባንኮኒው ማለቅ አቃተው። ፊቱ ሜዳ ነበር፤ "እንዲያው ባዶውን?" ብሎ የመስቀል ሐረግ ሊቀርጽበት ተነሣ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መሳቢያ ጨመረ። መሳቢያው ሲገጥም "ይከብዳል" ብሎ ፈታው፣ እንደገና ሠራው። እኔ ጆሮው ሥር ቆሜ "ታዲያ ፎቶው ላይ መሳቢያ አለ እንዴ?" እላለሁ። እሱ መጋዙን ያነሣል። ብርቄ ብሎ መጥራቱንም ተወ። ወንድማማቾቹን "በቃችሁ፣ ስለኔ ሥራ አትፍቱ" ብሎ አሰናብቶ ብቻውን ይሠራ ጀመር።

እማዬ ደግሞ ገበያ በዋለ ቁጥር ብርጭቆና ብርሌ ትገዛለች። በየቅዳሜው አውጥታ ታጥባቸዋለች፤ ማንም ያልጠጣባቸውን። አጥባ በነጭ ጨርቅ ላይ ስትደረድር፣ "ሞላ፣ መደርደሪያው ይበቃቸዋል?" ትላለች። እሱ መዶሻውን አስቀምጦ ይወጣል። ያንጊዜ ጠላሁት ማለት እችላለሁ። ሰው እንዴት የልጁን መምጫ ይደግሳል፣ ከዚያ እንዲህ ይለግማል?

ገና መጥቶ ሄደ። እንደ ሌላው ጊዜ ተበላ፣ ተጠጣ፤ አባዬ ግን አፉ ላይ ያደረገው ነገር አልነበረም። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ቫርኒሽ እየደራረበ ቀባው፤ በአምስተኛው ቀን ደረቀ። በጥቁር ጭቃ የተለሰነ ግድግዳችን ውስጥ ያ ባንኮኒ ቀልቶ ሲያበራ እየሮጥሁ ከኋላው ገባሁ። መስታወቱ ገብቷል፣ ብርጭቆው ተደርድሯል። እጄን ዘርግቼ ቆምሁበት።

"አባዬ፣ አለቀ እኮ!"

"አላለቀም።"

"ምን ቀረው?"

"ቀረው አልሁሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ያንኑ የደረቀውን ቫርኒሽ ከአንድ ጥግ ይፍቀው ጀመር። ያበራውን አደበዘዘው። እንባዬ መጣ። ለጥምቀት የቀረው አንድ ሳምንት ነው፤ ሰውዬው ሊያስቀርብን ነው አልሁ፤ ብርቄ ሌላ ሁለት ዓመት ልትፈርም ነው።

ስለዚህ ራሴ ልጨርሰው ቆረጥሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄድሁ። አባ ኪዳኔ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣

"አባ፣ ባንኮኒው አልቋል። ነገ መጥተው ጠበል ይርጩልን" አልሁ።

ትክ ብለው አዩኝ። "አባትሽ ነው የላከሽ?"

"አዎ" አልሁ። ዋሸሁ። በቄስ ፊት፣ መስቀል በሳምሁበት አፌ።

"ጨረስሁ አለ?"

"ጨርሷል። ቫርኒሹም ደርቋል።"

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና "እሺ ልጄ፤ ነገ ጠዋት እንመጣለን። አንቺ ግን ለማንም አትንገሪ" አሉኝ። ይህም ደስታዬን ጨመረው። ድንገት ደርሰው ሊያስደስቱን ነው አልሁ። እየዘለልሁ ነው ወደ ቤቴ የወረድሁ፤ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። እኔ ቀድሜ ተነሥቼ ሰጋቱራውን ጠርጌ፣ በሩን በረገድሁት። አባ ኪዳኔ ከፊት፣ የሰፈሩ ሽማግሎች ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከዳር ቆመዋል። ነጠላ እንዲያ ሲለበስ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሁሉም ልጅ ያውቃል። ብቻ ዓይኔ ጠበሉን ፍለጋ እጃቸው ላይ ነበር፤ እጃቸው ባዶ ነው።

አባዬ ባንኮኒው ሥር ተንበርክኮ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዟል። ዞሮ አያቸውና ተነሣ። እንደ ልጅ ወደ ኋላው አፈገፈገ።

"አላለቀም" አለ። "አባ፣ ገና ነው። ይኸው ጠርዙ አልተፋቀም። ማን ነው አለቀ ያላችሁ?"

አባ ኪዳኔ ወደኔ ዞሩ። አባዬም ዓይናቸውን ተከትሎ አየኝ። ያችን አስተያየት ምን ብዬ ልጻፋት?

"ሞላ፣ ቁጭ በል" አሉ አባ። "ስለታም መሣሪያ ይዘህ እየዋልህ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርህም ብለን፣ ሥራህን እስክትፈጽም ነው የጠበቅንህ። ልጅህ ብርቄ…"

እማዬ ከጓዳ ወጥታ ነበር። የቀረውን ማንም አልሰማው፤ ጩኸቷ ዋጠው። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ቤቱ ታመሰ። እኔ በሩን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። በኅዳር መጀመሪያ ከፎቅ ወድቃ ነው፤ አብራት የሄደች ጓደኛዋ ለወንድሟ በስልክ ነግራው ነው የተሰማው። ወደቀች ነው የተባለ፤ እንዴት እንደወደቀች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እዚያው ተቀበረች። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ስለሆነ ለሻደይ በዓል ትለብሰው የነበረውን ቀሚሷን አውጥተው መሐል ዘርግተው አለቀሱላት።

ለቅሶ ደራሹ በዛ። ቦታ ለማስለቀቅ ባንኮኒውን ሊያወጡ ስምንት ወንዶች ገፉት፤ በበሩ አላልፍ አለ። ጎበዜ "በመጋዝ እንክፈለው?" ቢል አባዬ ቀና ብሎ አየው፤ ማንም ዳግመኛ አላነሣውም። በኋላ ሴቶቹ የንፍሮውን ትሪ ላዩ ላይ አስቀመጡ። አንዷ ከኋላው ቆማ እየዘገነች ለለቀስተኛው ትሰጣለች። እማዬ ያጠበቻቸው ብርጭቆዎች ውኃ ተቀዳባቸው። ባንኮኒው የተከፈተ እንዲያ ነው።

እኔን ያየኝ የለም። ብርቄን የገደልሁ እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ያለቀው ባንኮኒ ያመጣታል ብዬ አለቀ አልሁ፤ በማግስቱ ሞተች። ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ሒሳብ ያውቃል?

በሠልስቱ አባዬን ከጓሮ አገኘሁት። ፀሐይ ላይ፣ ከተረፈው ሳንቃ ላይ ተቀምጧል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። ራሱን ሳየው ፈራሁ። አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ የነገርኋቸው። አለቀ ያልሁ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ባልነግራቸው ኖሮ…"

"ኅዳር ላይ ነው የሰማሁ" አለኝ። "እነጎበዜ ሲያወሩ።"

ግራ ገባኝ። "በኽምጣና ነበር እኮ የሚያወሩ። አንተ አትሰማም።"

"ስናገረው እንዳይሥቁብኝ እንጂ፣ ከእናትሽ ጋር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ አልሰማም?" አለ። ከሳንቃው ላይ ቅርፊት በጥፍሩ እየላጠ ቆየ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ? ለምን ትሠራ ነበር?"

"እነሱ ካልነገሩኝ አልሞተችማ። ሥራውን ይጨርስ እያሉ ነበር ልጆቹ፤ ሰማኋቸው። ካልጨረስሁ አይነግሩኝም። እናትሽም ብርጭቆዋን ታጥባለች።" የላጠውን ቅርፊት ወረወረው። "ለጥምቀት እመጣለሁ አላለችም? እስከዚያ ላደርሳት ነበር። ስድስት ቀን ነበር የቀረኝ።"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።